ተሸናፊ ይቀጥላል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ኳስ ነው። ስታዲየም የምትሞላዋ ኳስ አይደለችም። ይህቺኛዋ ከጫፍ እስከ ጫፏ 40 ሚሊ ሜትር ናት፤ ክብደቷ 2.7 ግራም። እፍ ቢሏት ትሄዳለች። እሷን ኪሳችሁ ከትታችሁ ዴራ ድረስ አብራችሁኝ ውረዱ።

ዴራን ለማያውቅ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው አስፋልት አዋሽ መልካሳን አልፎ የሚያገኛት የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። አርሲ ሲባል ብርድ፣ ገብስና ጋቢ ለሚታየው ሰው ዴራ ትንሽ ታስደነግጠዋለች። ግራር ነው፣ አቧራ ነው፣ ፀሐይ ነው። ደጋው የሚጀምረው ከእሷ በላይ ነው፤ ኢተያን፣ ጎንዴን እያለ ወደ አሰላ ሲወጣ። ነፋሱስ? የነፋሱን ነገር መንግሥት ራሱ መስክሮለታል። ከአዳማ በላይ ባለው ኮረብታ በ2012 እና በ2015 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተመርቀዋል፤ 100 ሜጋዋት የሚያመነጨው የአሰላ የነፋስ ኃይል ፕሮጀክትም ቦታ የተመረጠለት እዚሁ ኢተያ አጠገብ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ የኦሎምፒክ ነገር በእኛ ሲቆጠር ይደበላለቃል።) እንግዲህ አስቡት፤ ዴራ በሁለቱ መካከል ናት። ያን የሚያህል የብረት ክንፍ የሚያሽከረክር ነፋስ በሚያልፍበት አገር፣ 2.7 ግራም ኳስ ይዞ ደጅ ላይ ጠረጴዛ ቴኒስ ልጫወት የሚል ልጅ!

ይጫወታል ግን። ነፋስ ያባረረው ልጅ አላየሁም። ልጅን ከጠረጴዛ የሚያባርረው ሌላ ነገር ነው፤ ወጌም ስለ እሱ ነው።

በየከተሞቻችን መንገድ ዳር የሚቆመውን ጠረጴዛ ታውቁታላችሁ። የዓለም አቀፉ ሕግ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ52 ተኩል ይሁን ይላል፤ አናጢው ደግሞ ጣውላው እስከደረሰ ድረስ ይላል። መረቡ አንዳንዴ መረብ ነው፣ አንዳንዴ ቁራጭ ጣውላ፣ አንዳንዴ የተደረደረ ጡብ። የራኬቱ ላስቲክ ተልጦ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። ኳሷ ስትጎደጉድ ትኩስ ውኃ ውስጥ ትነከራለች፤ ውስጧ ያለው አየር ሞቆ ይገፋትና ትነሣለች። ይህን ዘዴ የማያውቅ የሠፈር ልጅ የለም። ብቻ ሁሉም ነገር ሲጎድል አንድ ነገር አይጎድልም፤ ሕጉ። ዓለም አቀፍ ዳኛ አምጥታችሁ ብታቆሙ አያስከብረውም እንደዚህ። አሸናፊ ይቀጥላል፤ ተሸናፊ ይከፍላል።

የጆተኒውም፣ የፑሉም ሕግ ይኸው ነው። ለባለ ጠረጴዛው መልካም ነው፤ ሂሳቡ ሳይቋረጥ ይገባለታል። ለሻምፒዮኑም መልካም ነው፤ ሳይከፍል ይውላል። ለልጁስ? እስቲ አብረን እናስላ። ስምንት ልጆች አሉ፤ ጠረጴዛው አንድ። እስከ 11 የሚቆጠር ጨዋታ ጀማሪ ሲገባበት ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ጀማሪው ገባ፣ 11 ለ 2 ተቀጣ፣ ሳንቲሙን ከፈለ፣ ከሰልፉ ጭራ ሄዶ ቆመ። ተራው እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት። በአንድ ከሰዓት ውስጥ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ፣ ራኬት የያዘው 25 ደቂቃ ያህል ነው፤ የከፈለው ደግሞ የአምስት ጨዋታ። ሻምፒዮኑ ሦስቱንም ሰዓት ተጫውቶ በነፃ ወደ ቤቱ ገባ። ነገ ማን የሚሻል ይመስላችኋል? ከነገ ወዲያስ? አንድ ወር ሳይሞላ ጀማሪው ጠረጴዛውን ትቶ ፑል ቤት በር ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ትልልቆቹ ተሰብስበው፣ «የዘንድሮ ልጅ ስፖርት አይወድም» ይላሉ።

አሁን ደግሞ መንገዱን ይዘን ወደ ላይ እንውጣ። አሰላን አለፍን፤ ጭላሎ በግራ ቀረ፤ ሳጉሬን አለፍን፤ በቆጂ ገባን። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ነው። እዚህ ከተማ ነው ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት አስተማሪ ልጆችን ያሠለጠነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ነው ደራርቱ ቱሉ የምትባል ተማሪ ያገኘው። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ። ከዚያ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶንን። ከዚያ ደግሞ 2008 መጣ። ቤይጂንግ። የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆች፣ የወንዱም የሴቱም፣ አራቱም፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ተካፍለው በቆጂ ገቡ። አንድ ከተማ! በ2012 ስለ ከተማዋ ልጆችና ስለ አሰልጣኝ ስንታየሁ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ። ዓለም በየዓመቱ እየመጣ፣ «ምስጢሩ ምንድን ነው?» ይላል። አንዱ ከፍታው ነው ይላል፣ ሌላው ገብሱ፣ ሌላው ድህነቱ።

እኔ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በባሕር ዛፉ መካከል ጎህ ሲቀድ የሚሮጠውን የልጆች ጭፍራ አስቡ። ፊት ያለችው ልጅ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጠች። ኋላ ያለችውስ? እሷም አሥር ኪሎ ሜትር። ዘግይታ ደረሰች እንጂ ከሩጫው አልወጣችም። ሩጫ ተሸናፊውን አያባርርም፤ እንዲያውም ከፊተኛው ይልቅ ረዘም ላለ ሰዓት ያሠራዋል። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፍቶ ተሰለፉ ሲል መጨረሻ የደረሰው ልጅ ነገም ቦታ እንዳለው ያውቃል። የጠረጴዛ ቴኒስ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው በራሱ ደካማውን አውጥቶ ይጥላል። ስለዚህ እንደ ሩጫው ለተፈጥሮ ልትተዉት አትችሉም፤ ለተሸናፊው ቦታ የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ፣ ጠረጴዛውን ከነባለሙያው በነፃ ልናገኘው ጥቂት ቀርቶን ነበር። በ1967 ስዊድኖች አሰላ መጥተው የጭላሎ እርሻ ልማትን፣ አባቶቻችን ካዱ የሚሉትን፣ ጀመሩ። ምርጥ ዘር ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ የወተት ላም። በዚያው ዘመን አገራቸው በጠረጴዛ ቴኒስ ዓለምን ታንቀጠቅጥ ነበር፤ ስቴላን ቤንግትሶን የሚባለው ልጃቸው በ1971 ናጎያ ላይ ገና በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከስንዴው ጋር ሁለት ጠረጴዛ ቢጭኑልን ምን ነበረበት!

ቦታ የሚይዝ ሰው ያልኩትን ደግሞ አገኘሁላችሁ፤ ግን ሩቅ ነው፤ ጃፓን። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ቶኪዮ ከቃጠሎዋ ገና አላገገመችም። ኪቺጆጂ በሚባለው ሠፈር ኡዬሃራ ሂሳኤ የምትባል እመቤት የጠረጴዛ ቴኒስ ቤት ከፈተች። እኛ ሠፈር ብትሆን እትዬ ሂሳኤ እንላት ነበር። ሰው ሳንቲም እየከፈለ የሚጫወትበት ቤት ነው፤ እንደ እኛው መንገድ ዳር። አንድ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መጣ፤ ኢቺሮ ኦጊሙራ ይባላል። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተውበታል፤ እናቱ ሠርታ ታሳድገዋለች። ይህ ልጅ ለራሱም ለሌላውም የማይራራ ዓይነት ነው። ቀን ማታ ካልተጫወትኩ ይላል።

አያችሁ፣ እትዬ ሂሳኤ ነጋዴ ብቻ ብትሆን ኖሮ ያን ልጅ ትቆጥርበት ነበር፤ ይህን ያህል ሰዓት፣ ይህን ያህል ሳንቲም። እሷ ግን አበላችው። የሚበላ እየሠራች ከጠረጴዛው አጠገብ አቆየችው። በ1954 የዓለም ሻምፒዮና ለንደን ላይ ሲሆን ልጁ ለብሔራዊ ቡድኑ ተመረጠ፤ የመሄጃ ገንዘብ ግን የለም። የዚያን ጊዜዋ ጃፓን ለተጫዋች የምትከፍለው ነገር አልነበራትም። የቤቱ ሰዎች አደባባይ ወጥተው ከመንገደኛው ሳንቲም ለመኑለት። ሄደ። በነጠላም በቡድንም የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ። በ1956 ደግሞ በነጠላ ደገመው። እሱ ነው እንግዲህ ኋላ በ1987 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆነው፤ በ1991 ደግሞ ሰሜንና ደቡብ ኮሪያን አስማምቶ ቺባ ላይ በአንድ ባንዲራ ያሰለፈው። የተዋሃደው የሴቶች ቡድን ቻይናን አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። መንግሥታት ያቃታቸውን አንድ ያደረገ ሰው፣ ሲጀመር አንዲት ሴት ሳህን እያቀረበች ያቆየችው ልጅ ነበር።

እንግሊዝም አንድ መንገድ አለ። ሬዲንግ ከተማ፣ ሲልቨርዴል ሮድ። በ1980ዎቹ ያ አንድ መንገድና አካባቢው ከቀረው የእንግሊዝ አገር ሁሉ የበለጠ ምርጥ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች አፍርቷል፤ ይህን የሚመሰክረው እዚያው ያደገው ማቲው ሳይድ ነው፤ ሦስት ጊዜ የኮመንዌልዝ ሻምፒዮን የነበረ፣ ኋላ ጋዜጠኛ የሆነ። እዚያም እንደ በቆጂ ነገሩ የሚጀምረው ከአስተማሪ ነው፤ ፒተር ቻርተርስ ይባላል፤ በትምህርት ቤቱ ያለውን ልጅ ሁሉ ራኬት እያስያዘ ይፈትን ነበር። ኦሜጋ የሚባል ክለብም ነበራቸው። ቤቱ የተጎሳቆለ ነው፤ በክረምት ያንዘፈዝፋል፣ በበጋ ያፍናል። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ለአባላቱ ለእያንዳንዳቸው ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል። ሌሊትም ቀንም። ልጁ በሩን የሚከፍትለት ሰው አይጠብቅም፣ ተራ አይጠብቅም፣ ሻምፒዮን እስኪሰለቸው አይጠብቅም። እኔ ይህን የቁልፍ ነገር ከዋንጫውም ከሜዳሊያውም በላይ እወደዋለሁ።

እልኸኛ ልጅ ቁልፍም ሳህንም ሳይሰጠው ይመጣል የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ። አዎ፣ ይመጣል። ግብፃዊውን ኢብራሂም ሐማድቱን በአሥር ዓመቱ ባቡር ሁለት እጆቹን ቆረጠው። የሠፈሩ ልጆች የሚጫወቱት ኳስና ጠረጴዛ ቴኒስ ነበር። አንድ ቀን የሁለት ጓደኞቹን ጨዋታ ሲዳኝ ስለ አንዲት ነጥብ ተጨቃጨቁ፤ እሱ ለአንደኛው ፈረደ፤ የተፈረደበት ጓደኛው ተናደደና አንተ ፈጽሞ ለማትጫወተው ጨዋታ ምን አገባህ አለው። ያች ቃል አንገበገበችው። መጀመሪያ ራኬቱን በብብቱ ሞከረ፤ እምቢ አለ። በጥርሱ ያዘው፤ እሺ አለ። ኳሷን በእግሩ ጣቶች ቆንጥጦ ወደ ላይ ይወረውራል፣ በአፉ በያዘው ራኬት ይመታል። በ2016 ሪዮ ፓራሊምፒክ፣ ከዚያም ቶኪዮ ተሰለፈ። እንዲህ ያለ ሰው አለ። ግን አንድ አሰልጣኝ በኢብራሂም ተማምኖ ልጆቹን በስድብ ላሳድግ ቢል ይሳሳታል፤ አንድ ኢብራሂም ሲነሣ በዚያው ስድብ ስንቱ ልጅ ቤቱ እንደቀረ ማንም አልጻፈውም።

የሄንድ ዛዛን ነገር ግን ለዴራ ልጆች በተለይ ማውራት እፈልጋለሁ። ሶርያዊት ናት፤ የሐማ ከተማ ልጅ። ጨዋታውን ያየችው ከታላቅ ወንድሟ ነው። አገሯ ያኔ በጦርነት ላይ ነበረች። የምትለማመድበት አዳራሽ መብራት ሲሄድ ጨለማ ይሆን ነበር፤ ልምምዱም ያበቃ ነበር። መብራት ሲሄድ የሚያበቃ ነገር እኛ አገር አዲስ አይደለም። በ2020 መጀመሪያ አማን ላይ በተደረገው የምዕራብ እስያ ማጣሪያ በዕድሜ እናቷ የምትሆን ሊባኖሳዊት አሸንፋ ለኦሎምፒክ አለፈች። ቶኪዮ ስትገባ ገና 12 ዓመቷ ነበር፤ በዚያ ኦሎምፒክ ከእሷ የሚያንስ ተወዳዳሪ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ግጥሚያ ከኦስትሪያዋ ሊዩ ጂያ ጋር ሆነ፤ 39 ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ኦሎምፒኳ ነው። ውጤቱ? 4 ለ 0። ሄንድ ተሸነፈች፤ ኦሎምፒኳ በአንድ ጨዋታ አለቀ። ሁለቱ ተቃቀፉ፣ አብረው ፎቶ ተነሡ። ያን ቀን የጋዜጣው ወሬ ያሸነፈችዋ አልነበረችም። ለልጆች ይህን ስትነግሩ አሸነፈች ብላችሁ አታሳምሩት። ተሸንፋለች በሏቸው። ተሸንፋ እንኳ ያ ጠረጴዛ ላይ መቆሟ ነው ወሬው።

አፍሪካዊ አሸናፊ ከፈለጋችሁም አለላችሁ። ናይጄሪያዊው ቋድሪ አሩና የኦዮ ልጅ ነው። በ2016 ሪዮ ላይ የጀርመኑን ቲሞ ቦልን አሰናብቶ ሩብ ፍጻሜ ገባ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። በ2022 ደግሞ ከዓለም አሥሩ ምርጦች ውስጥ ተጻፈ፤ ይህም ለአፍሪካ የመጀመሪያ ነው። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ ላይ ሆኖ የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ድል በሬዲዮ ሰምቶ ቢነሣም፣ በየቀኑ ትምህርት ቤት ለመድረስ የሮጠው በራሱ እግር ነው። ፎቶ ልጁን እስከ በሩ ያመጣዋል። ከገባ በኋላ የሚያቆየው በዚያን ቀን ስንት ኳስ እንደመታ ነው።

ታዲያ ዴራ ላይ ክለብ ቢኖርና የእኔን ቃል የሚሰማ ቢገኝ ምን አደርግ ነበር? መጀመሪያ ሕጉን እገለብጠዋለሁ። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ይወርዳል፤ የተሸነፈ ሌላ ጨዋታ ይጫወታል። ክፍያው በጨዋታ ሳይሆን በወር ይሁን፤ ለአሸናፊም ለተሸናፊም እኩል። ሳንቲም የሌለው ልጅ ኳስ ይልቀም፣ አዳራሹን ይጥረግ፣ ግን ይጫወት። አዳራሽ ያልኩት በነፋሱ ምክንያት ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንገድ ዳር ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ወንዶች ከበው ሲንጫጩ ሴት ልጅ አልፋ ትሄዳለች እንጂ አትቆምም። ይህቺ አገር በሴት ልጆቿ ሩጫ ስሟ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ ግማሹን ልጅ በር ላይ መልሰን ክለብ አለን ልንል አንችልም። ለእነሱ ገና ፀሐይ ሳለ፣ እናቶች ገበያ ውለው ከተመለሱ በኋላ፣ ውኃ መቅዳቱ ካለቀ በኋላ፣ የራሳቸው ሰዓት ይያዝላቸው። ሰዓቱን ወንዶቹ ሳይሆኑ ራሳቸው ይምረጡት።

«ሻምፒዮኑስ? እሱ አይሰለቸውም ወይ፣ ከጀማሪ ጋር ሲውል?» ትሉኛላችሁ። ነጥብ ያበድራላ! በየአገሩ ክለቦች የኖረ ወግ ነው፤ ጉልበተኛው ከዜሮ፣ ደካማው ከስድስት ይጀምራሉ። ጀማሪዋ አምስት ነጥብ ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ሻምፒዮኑ 11 ሙሉ። አሁን አይሰለቸውም፤ ያልበዋል። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የማሸነፍ ሽታ ይሸታታል። ስትሻሻል ብድሩ ከስድስት ወደ አምስት፣ ወደ አራት ይቀነስ። ያቺ ልጅ ብድሯ ሲቀነስባት ታለቅሳለች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ቤቷ ሄዳ ትፎክራለች። ኳሷ ገና መረቡን ላላለፈችላቸው ትንንሾች ደግሞ ነጥብ የሚባል ነገር ይቅር። ሁለት ልጆች ኳሷን ሳይጥሉ ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ዛሬ አሥር፣ የዛሬ ሳምንት ሠላሳ። በኖራ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ሠላሳ የደረሱ ዕለት ጭኮ ይቅረብላቸው፤ የአርሲ እናት ለሥራ ለደከመ ልጅ ቅቤውን አትሰስትም።

ቀረን ቁልፉ። ኮሚቴ ተሰብስቦ ለማን እንስጥ ሲል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሻምፒዮኑ ነው። አይሆንም። እሱ ያለ ቁልፍም ይመጣል። ለዚያች ከስድስት ለምትጀምረዋ ልጅ ስጧት፤ ከእሷ ጋር ለአንዲት ጓደኛዋም፣ ብቻዋን ስትከፍት እንዳትፈራ። ራኬቱ ሲገባና ሲወጣ ተቆጥሮ ደብተር ላይ ይፈረም። ኳስ ሲጠፋ ግን ከማን እንደሚቆረጥ ዛሬውኑ ተነጋገሩ፤ ዴራ ላይ መስኮት ተከፍቶ ከተረሳ ነፋሱ ይዟት ኢተያ ይገባል።